ከበርሊን እስከ ቡዳፔስት በባቡር፦ ከዶርም ወሬ የትኛው እውነት ነው?

በልውውጥ ፕሮግራም ጀርመን የመጣ ተማሪ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ አንድ ጉዞ ማቀዱ አይቀርም፤ በርሊን፣ ድሬስደን፣ ፕራግ፣ ቪየና፣ ቡዳፔስት። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ቀጥታ ባቡር አለ፣ ረጅሙ መንገድም ቢሆን አራት ሰዓት ገደማ ነው። እኔም ሄጄበታለሁ። ከመሄዴ በፊት በዶርሙ ኩሽና ከሰበሰብኩት ምክር ግማሹ ግን ውሸት ሆኖ አገኘሁት፤ አንዳንዱ ገንዘብ አስወጣኝ፣ አንዳንዱ ደግሞ ዓይኔ ሥር ያለውን ነገር እንዳላይ ጋረደኝ። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«ዩሬይል ፓስ ግዛ፤ ከሱ የሚረክስ የለም»

ሁለት ስህተት በአንድ ትንፋሽ። ዩሬይል በአንድ ትኬት በብዙ የአውሮፓ አገሮች ባቡር የሚያሳፍር ፓስ ነው፤ የሚሸጠው ግን አውሮፓ ውስጥ ለማይኖር ሰው ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ ጀርመን የሚማር ተማሪ፣ ፓስፖርቱ የየትም አገር ይሁን፣ የሚገዛው ለአውሮፓ ነዋሪዎች የተዘጋጀውን አቻውን፣ ኢንተርሬይልን ነው፤ የሚታየው ዜግነት ሳይሆን የሚኖርበት አገር ነውና። ኢንተርሬይል ደግሞ በምትኖሩበት አገር የሚያገለግለው ለአንድ መውጫና ለአንድ መመለሻ ጉዞ ብቻ ስለሆነ ጀርመንን በሱ እዞራለሁ ማለት አይሠራም።

ዋጋውም ቢሆን አከራካሪ ነው። በዚህ መስመር ቀደም ብሎ ለገዛ ሰው ርካሽ ትኬት አለ። እኔ አራቱን የመሄጃ ትኬቶች ከአንድ ወር በፊት ለየብቻ ገዝቼ ከአራት ቀን ፓስ ባነሰ ገንዘብ ጨርሻለሁ። የርካሹ ትኬት ጣጣ ከተጻፈበት ባቡር ውጭ በሌላ አለማገልገሉ ነው። ፓስ የሚያዋጣው ጠዋት ተነስቶ «ዛሬ ወዴት ልሂድ?» ለሚል ሰው ነው። ዕድሜያችሁ ከ27 ካላለፈ የወጣቶች ዋጋ አለው።

«ሼንገን ስለሆነ ፓስፖርቱን ዶርም ተወው»

በፍጹም። ሼንገን በመካከላቸው የድንበር ፍተሻን ያስቀሩ የአውሮፓ አገሮች ስምምነት ቢሆንም፣ ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ቁጥጥር አስገብታለች። ስትወጡ ማንም ላያያችሁ ይችላል፤ ከፕራግ ወደ ድሬስደን ስትመለሱ ግን ፖሊሶች ባቡሩ ውስጥ ገብተው ሊጠይቁ ይችላሉ። ፓስፖርቱም የመኖሪያ ካርዱም ኪሳችሁ ውስጥ ይሁኑ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ አይበቃም።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ «ቪዛዬ የጀርመን ስለሆነ ለፕራግ ሌላ ማውጣት አለብኝ» የሚል። የጀርመን የረጅም ጊዜ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በሌሎቹ የሼንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ቡዳፔስት ደርሶ «እግረ መንገዴን ቤልግሬድን ልያት» የሚል ግን ይጠንቀቅ፤ ሰርቢያ ሼንገን ውስጥ የለችም።

«የጀርመን ባቡር ሰዓት አያዛንፍም»

ይህን ለጀርመኖች ብትነግሯቸው ይስቁባችኋል። በ2024 ከአገሪቱ የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓታቸው የደረሱት 62.5 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ያውም ስድስት ደቂቃ ያልሞላ መዘግየት እንደ መዘግየት ሳይቆጠር። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ መዘግየቱ 60 ደቂቃ ከደረሰ የትኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ 120 ከደረሰ 50 በመቶ ይመለሳል። ጠያቂ ከሌለ ግን ከፋይ የለም።

እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። ስመለስ ጥቂት ዩሮ ለማትረፍ ብዬ ከቡዳፔስት ፕራግ አንድ፣ ከፕራግ በርሊን ሌላ ትኬት ቆረጥኩ። የመጀመሪያው ባቡር ሃምሳ ደቂቃ ዘገየ፣ ሁለተኛው ሄደ፣ ትኬቱም ተቃጠለ። እስከ በርሊን በአንድ ትኬት ገዝቼው ቢሆን በሚቀጥለው ባቡር ያሳፍሩኝ ነበር፤ ለየብቻ ለተገዛ ግን ተጠያቂ የለም። ያተረፍኳትን ሦስት እጥፍ አድርጌ ከፈልኩ።

«ዩሮ ከያዝክ በቂ ነው»

ቼክ የሚሠራው በኮሩና፣ ሃንጋሪ በፎሪንት ነው። በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በዩሮ ላስላው?» ካላችሁ እምቢ በሉት፤ ምንዛሪውን የሚቆርጠው ለራሱ በሚያዋጣው ዋጋ ነው።

«ድሬስደን ያረጀች ከተማ ናት፤ የጠቆሩት ድንጋዮች በቦምቡ እሳት የተቃጠሉ ናቸው»

ፍራወንኪርሸ የተባለችው ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆሞ ይህን የማይል ጎብኚ የለም፤ እኔም ብያለሁ። ሕንፃዋ በ1743 የተጠናቀቀች ብትሆንም ከፌብሩዋሪ 1945 የቦምብ ድብደባ በኋላ ተደርምሳለች። ፍርስራሹ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን እንደ መታሰቢያ ክምር ሆኖ ቆየ፤ ግንባታው በ1994 ተጀምሮ በ2005 ዳግም ተባረከች። ስለዚህ ከምታዩት ውስጥ አብዛኛው ከእናንተ ዕድሜ ብዙም አይርቅም።

ጥቁሮቹ ከፍርስራሹ ተለቅመው የተመለሱ የድሮው ሕንፃ ድንጋዮች ናቸው። ያጠቆራቸው ግን እሳት ብቻ አይደለም፤ የኤልባ ወንዝ ሸለቆ የአሸዋ ድንጋይ ዘመን ሲቆጠርበት በራሱ ይጠቁራል። ዛሬ ቅቤ የመሰሉት አዲሶቹም አንድ ቀን እንደዚያው ይሆናሉ። የድሮው የጉልላት መስቀል ተጣሞ፣ እሳት እንደበላው፣ ውስጥ ቆሟል። አዲሱን የሠራው የለንደን አንጥረኛ አባቱ ድሬስደንን ከደበደቡት አብራሪዎች አንዱ ነበር።

ከጦርነቱ በፊት እንደነበረ የቆየ ነገር የፈለገ ጥቂት እርምጃ ሄዶ የሳክሶኒ ገዢዎች በፈረስ ሲሰለፉ የሚያሳየውን 102 ሜትር በሸክላ ሰሌዳ የተለበጠ ግድግዳ ይመልከት። ከዚያ እሳት በአብዛኛው ሳይነካ የወጣው እሱ ነው፤ ከመጀመሪያውም በእሳት የበሰለ ሸክላ ነዋ።

ከዚያ ወደ ፕራግ ስትሳፈሩ በስተግራ ተቀመጡ፤ ኤልባ ወንዝ በዚያ በኩል ነው።

«የፕራግን ሰዓት የሠራውን ሰው ዓይኑን አጠፉት»

በፕራግ የድሮው ማዘጋጃ ቤት ግንብ ላይ ስላለው የሥነ ፈለክ ሰዓት የሚነገረው ታሪክ ያምራል። ሃኑሽ የተባለ ባለሙያ ሰዓቱን ሠራ፣ ሹማምንቱ ለሌላ ከተማ እንዳይደግመው ዓይኑን አወጡት፣ እሱም ዳብሶ ገብቶ ሰዓቱን አበላሸው። እውነቱ ግን ሰዓቱ የተሠራው በ1410 ነው፤ ሠሪው የካዳኙ ሚኩላሽ፣ ስሌቱን ያወጣለት ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ፈለክ ሊቅ ያን ሺንዴል። ሃኑሽ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የመጣ ጠጋኝ ነው።

ሰው ሁሉ ስልኩን አንጋጦ የሚጠብቀው፣ የሐዋርያት ምስሎች በሰዓቱ መስኮቶች የሚያልፉበት ሰልፍ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከሰልፉ ይልቅ የውጭኛውን ጥቁር ቀለበት ተመልከቱ። በወርቅ ቀለም ከ1 እስከ 24 የተጻፈበት የድሮ የቼክ አቆጣጠር ነው፤ አዲሱ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። አጠገቤ የነበሩት ቱሪስቶች ግራ ገብቷቸው ሲከራከሩ፣ ምሽትን አንድ ሰዓት ብሎ ለመቁጠር ላደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ነው የሚገባው።

«መቀመጫው ተይዟል ከተባለ ተይዟል»

ከፕራግ ወደ ቪየና ስሳፈር ፉርጎው የሞላ መሰለኝና ሻንጣዬን ታቅፌ በሩ ላይ ቆምኩ። ባዶ መቀመጫ ነበር፣ ግን ከበላዩ ወረቀት ተሰክቶበታል፤ «ብርኖ – ቪን»። አንዲት እናት ወረቀቷን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ቁጭ በል አሉኝ። ለካ መቀመጫው የተያዘው ከብርኖ ጀምሮ ነው፤ ከፕራግ እስከ ብርኖ ያለው ሁለት ሰዓት ተኩል የማንም አይደለም። ቪን ደግሞ ቪየና ራሷ ናት፣ በጀርመንኛ። ቼኮች ቪዴኝ፣ ሃንጋሪዎች ቤች ይሏታል፤ ቤችን ሳያውቅ ከቡዳፔስት የሚነሳ ሰው ባቡሩ አጠገቡ ቆሞ ሊያመልጠው ይችላል።

«የቪየናን የመጀመሪያ ቡና ቤት የከፈተው ኮልሺትስኪ ነው»

በ1683 የኦቶማን ጦር ከበባውን ጥሎ ሲሸሽ የቡና ከረጢቶች ትቶ ሄደ፣ ሰላዩ ኮልሺትስኪም ተሸልሞ ቡና ቤት ከፈተ ይባላል። ሐውልት ሁሉ ቆሞለታል። በሰነድ የሚታወቀው ግን በ1685 ቡና የመሸጥ ፈቃድ ያገኘው ዮሐንስ ዲዮዳቶ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ነው።

«ከቪየና የመጣ ባቡር የሚያደርሰው ምዕራብ ጣቢያ ነው»

ቪየና ከቡዳፔስት በስተምዕራብ ስለሆነች፣ ማረፊያዬን ምዕራብ ጣቢያ በሚባለው በኑጋቲ አጠገብ ይዤ ነበር። ባቡሩ ያወረደኝ ኬሌቲ ነው፤ ትርጉሙ ምሥራቅ። ከቪየና የሚመጡት ባቡሮች በአብዛኛው እዚያ ነው የሚገቡት። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወጣ ዞር ብዬ የጣቢያውን ፊት አየሁት፤ ከግዙፉ ቅስት ግራና ቀኝ ጄምስ ዋትና ጆርጅ ስቲቨንሰን በድንጋይ ቆመዋል።