የዓሣን ጾታ በዘረመል መለየት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኮምቦልቻ ዙሪያ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ (የናይል ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) ያረባ ሰው «ዓሣው ይበዛል እንጂ አያድግም» ብሎ ሲማረር ትሰማላችሁ። ወንዴና ሴቴ አብረው ካደጉ ገና ሳይፋፉ ይራባሉ። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምታቅፍ በዚያ ሰሞን አትበላም፤ ኩሬው በደቃቃ ዓሣ ይሞላል። ወንዴው ቶሎ ስለሚያድግ እሱን ብቻ ማርባት ይመረጣል። ጾታን በዘረመል ምልክት፣ ማለትም ወንዴና ሴቴ የሚለያዩበትን የዘረመል ክፍል በምርመራ አይቶ፣ የመለየት ነገር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

«ዓይን ይበቃል።»
ለትልቅ ዓሣ፣ አዎ። ገልብጣችሁ ከሆዱ በታች ብታዩ ወንዴው ሁለት ቀዳዳ፣ ሴቷ ሦስት አላት። አንድ ሁለት ግራም የምትመዝን ጫጩት ላይ ግን የለመደ እጅም አይለይም።

«ለምርመራ ዓሣው ይሞታል።»
አይሞትም። ከክንፉ ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ተቆርጦ አልኮል ውስጥ ይቀመጣል፤ ክንፉም መልሶ ያድጋል።

«አንድ ምልክት ለሁሉም ዓሣ ይሠራል።»
ብዙ ገንዘብ የሚያስከስረው ይሄ ነው። ዓሦች ጾታን የሚወስን አንድ የጋራ ዘረመል የላቸውም። ሜዳካ በተባለችው የጃፓን ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተገኘው ዘረመል በቀስተ ደመና ትራውት እ.ኤ.አ. በ2012 ከተገኘው ፈጽሞ ይለያል። የቆሮሶ ወንዴ ኤክስና ዋይ የተባሉ ሁለት ዓይነት ክሮሞዞሞች (ዘረመልን የሚይዙ ክሮች) አሉት፣ ሴቷ ሁለት ኤክስ አላት፤ የቅርብ ዘመዱ በሆነው ሰማያዊ ቲላፒያ ግን ሁለት ዓይነት ክሮሞዞም የምትይዘው ሴቷ ናት። በራሱ በቆሮሶም ቢሆን ጾታ ወሳኙ ቦታ በአንዳንዱ ዝርያ ክሮሞዞም 1 ላይ፣ በሌላው 23 ላይ ይገኛል። በደሴ አቅራቢያ ያለው፣ ሐይቅ የተባለው የውሃ አካል ቆሮሶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ውሃ መጥቶ የተጨመረ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር የተሠራን ምልክት ከማመን በፊት፣ ጾታቸው በእርግጥ በታወቀ የሐይቅ ዓሦች ላይ መፈተን ግድ ነው። ይህን ዘልሎ ጫጩት መምረጥ ልፋትን ውሃ ውስጥ መጣል ነው እላለሁ።

«ምልክቱ ሴቴ ካለ ሴቴ ናት።»
ምልክቱ የሚናገረው የተወረሰውን ነው። ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት 36 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ ቢቆዩ ወይም ሆርሞን ያለበት መኖ ቢበሉ፣ ሁለት ኤክስ ያላት ዓሣ ወንዴ ሆና ልታድግ ትችላለች። የኮምቦልቻ ኩሬ ይህን ያህል ይሞቃል ብዬ አልሰጋም፤ የሆርሞን መኖ ግን በብዙ አገር የተለመደ ነው።

ይኸው የተወረሰው ጾታና ያደገው ጾታ አለመጣጣም ጥቅምም አለው። ኤክስና ዋይ ያለው ጫጩት በሴት ሆርሞን ሴቴ ሆኖ አድጎ ከተራ ወንዴ ጋር ቢራባ፣ ከልጆቹ ሩብ ያህሉ ሁለት ዋይ ይይዛሉ። እንዲህ ያለ አባት ከተራ ሴት የሚወልደው ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዴ ነው። ሁለት ዋይ ያለውን ከተራው ወንዴ ዓይን አይለየውም፤ ምልክቱ ባይኖር እያንዳንዱን አስወልዶ፣ ልጆቹን ለወራት አሳድጎ መቁጠር ነበር።