«ጎበዝ ልጅ ወረቀት አያስፈልገውም» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

እዚህ ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ፣ ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። «ወረቀት አውጡ» ስላቸው ብዙዎቹ ያፍራሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ጎበዝ በጭንቅላቱ ነው የሚሠራው።»

እውነታው፦ ጭንቅላታችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰባት ገደማ አለው። ሌላው ተመራማሪ ኔልሰን ካወን በ2001 ወደ አራት አወረደው። እስቲ 23 ፈረሱላ ቡና ስንት ኪሎ እንደሆነ በቃል አስሉ። ፈረሱላው 17 ኪሎ ነው። 17 በ20 ሲባዛ 340፣ በ3 ሲባዛ 51። ሁለቱም ቀላል ናቸው። ችግሩ 51ን ስንፈልግ 340 ይጠፋብናል። ወረቀት ላይ ከሰፈረ ግን የትም አይሄድም፤ ደምሮ 391 ማለት ነው። «የቅኔ ተማሪስ ያለ ወረቀት ቅኔ ይቆጥር የለ?» የሚለኝ አለ። አዎ፣ ይቆጥራል። ግን ቤቱና ዜማው ያግዙታል፤ ያውም ከስንት ልምምድ በኋላ።

«ወረቀት አስቦ ለጨረሰ ሰው ነው።»

ከሁሉም የሚጎዳን ይሄ ይመስለኛል። በ1772 እንግሊዛዊውን ሳይንቲስት ጆሴፍ ፕሪስትሊን አንድ ውሳኔ ቸገረው። ወዳጁ አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን የራሱን ዘዴ በደብዳቤ ነገረው። ገጹን በመስመር ለሁለት ይከፍላል። በአንዱ በኩል የሚደግፈውን፣ በሌላው የሚቃወመውን ይጽፋል። በአንድ ቁጭታ አይጨርስም፤ ሦስት አራት ቀን ትዝ ያለውን ይጨምራል። ምክንያቶቹ አንድ ላይ አይመጡማ፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሸሻል። ከዚያ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን ከግራና ከቀኝ ይሰርዛል። በአንዱ በኩል ያለ አንድ ምክንያት በሌላው በኩል ያሉ ሁለቱን የሚያክል ከሆነ ሦስቱም ይሰረዛሉ።

አንድ ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሥራ አገኘ። ማና ወረዳ ያለውን የአባቱን የቡና ማሳ ትቶ መሄድ ግን ከበደው። ሳምንት ሙሉ ስናወራ ደመወዝና የቤት ኪራይ ብቻ ነበር የሚያነሳው። ገጹን ለሁለት በከፈለ በሦስተኛው ቀን «አባባ ዓይናቸው እየደከመ ነው» ብሎ ጻፈ። እስከዚያ ቀን ይህ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«በእጅ መጻፍ ሁልጊዜ ከላፕቶፕ ይበልጣል።»

በ2014 የወጣ ጥናት በላፕቶፕ የሚጽፉ ተማሪዎች የመምህሩን ቃል እንዳለ መገልበጥ እንደሚያበዙ አሳይቷል። በፈተና የታየው የውጤት ልዩነት ግን ሌሎች ሲደግሙት አልጸናም። በራስ ቃል አሳጥሮ መጻፍ በሁለቱም ይቻላል።

«የሥራ ዝርዝር መያዝ የጀማሪ ነው።»

በ1935 አሜሪካ ውስጥ የቦይንግ አዲስ አውሮፕላን በሙከራ በረራ ወደቀ። አብራሪዎቹ ልምድ ያላቸው ነበሩ። የመቆጣጠሪያውን መቆለፊያ ሳይፈቱ ነው የተነሱት። ከዚያ በኋላ ለአብራሪዎች የሚነበብ ዝርዝር ተዘጋጀ።

«ወረቀት ከሌለ አይሆንም።»

ይሆናል። እኔ የወር ወጪ ሳሰላ ሰፌድ ላይ የቡና ፍሬ እደረድራለሁ። አንዱ ፍሬ 500 ብር ነው። የኪራዩን ወደ አንድ ዳር፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እገፋለሁ። ሲጎድል ከየቱ ክምር ብወስድ እንደሚሻል ፍሬዎቹን ወዲህ ወዲያ እያደረግኩ አየዋለሁ።