የምጣድ ሽቦ

የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ካውያና የውሃ ማፍያ መልካቸው ይለያይ እንጂ ሆዳቸው አንድ ነው፤ ጥገና ቤት «ሬዚስታንስ» የሚባለው ሽቦ። ኤሌክትሪክ በቀላሉ አያሳልፍም፤ እየታገለ የሚያልፈው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ሽቦው ብዙ ጊዜ ኒክሮም ነው፦ 80 በመቶ ያህል ኒኬል፣ 20 በመቶ ያህል ክሮምየም። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ መብት ያገኘበት ቅይጥ ነው። ተራ ብረት ቢግል ዝገቱ እየተላጠ ያልቃል፤ የክሮምየም ዝገት ግን ሽቦው ላይ ተጣብቆ ከአየር ይጋርደዋል።

ደሴ ውስጥ አንድ የሸክላ ምጣድ ገልብጦ ማየት ይበቃል። ጀርባው ላይ ዙሪያውን የሚጠማዘዝ ቦይ አለ፤ ሽቦው እንደ ስፕሪንግ ተጠቅልሎ እዚያ ውስጥ ይተኛል፣ ከላዩ በጀሶ ይደፈናል። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ያህል ይስባል። በቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከካውያ ጋር መሰካት ሶኬት ማቅለጥ ነው።

ሙቀቱ የቮልቴጁን ካሬ ይከተላል። የበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዶ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ፣ ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አልጎደለም፤ ሙቀቱ ግን በሲሶ ይቀንሳል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል የሚወቀሰው ሊጡ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ።

የውሃ ማፍያው ሽቦ በብረት ቱቦ መሃል ነው፤ ዙሪያው የተጠቀጠቀው የማግኒዥየም ኦክሳይድ ዱቄት ሙቀት ያስተላልፋል፣ ኤሌክትሪክ ግን ይከለክላል። የማፍያው አቅም ምንም ቢሆን ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ቆላ ቀመሷ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ገደማ ይፈላል፤ ይህ የከፍታ ጉዳይ ነው።

የምጣድ ሽቦ ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ነው። ቋጠሮው ካልጠበቀ ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚያው ይግልና መልሶ ይበጠሳል። የተቃጠለውን ቆርጦ መጣል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ያጠረ ሽቦ የበለጠ ይስባል። አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 16ቱ አምፒር ወደ 18 ይጠጋል። ከጥገና የተመለሰ ምጣድ «ከድሮው በለጠ» ከተባለ፣ ሽቦው ሳያጥር አልቀረም።