«ነርሶቹ ትሕትና ይሠልጥኑ» እና ሌሎች ስለ ሕሙማን ተኮር እንክብካቤ የሚነገሩ ስህተቶች

«ሕሙማን ተኮር እንክብካቤ ማለት መልካም ጠባይ ነው።»

ይህ የማይባልበት ስብሰባ የለም። ቅሬታ በበዛ ቁጥር ነርሶቹ ተሰብስበው ስለ ሥነ ምግባር ይነገራቸዋል። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት የለውጥ ዕቅድ «ተንከባካቢ፣ ሩህሩህና አክባሪ» ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ሲያደርግ ሐሳቡ ትክክል ነበር። ብዙ ቦታ ግን ከአጀንዳው የተረፈው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው።

እስቲ የአንድ የውስጥ ደዌ ክፍል ጠዋት እንመልከት። 24 አልጋ፣ 3 ነርስ። አንዷ መርፌና ኪኒን ትሰጣለች፣ ሌላዋ ሙቀትና ደም ግፊት ትለካለች፣ ሦስተኛዋ ቁስል ታጥባለች። ከመሐል ሜዳ በሪፈር ደብረ ብርሃን የመጡ አባት በአንድ ጠዋት ሦስት ነርስ ያያሉ፤ «የእኔ ነርስ» የሚሏት ግን የለችም። ሐኪሞች ራውንድ (በየአልጋው እየዞሩ ሕመምተኛ ለማየት) ሲገቡ «አስታማሚ ውጣ» ስለሚባል ልጃቸው የተወሰነውን አይሰማም። እሳቸውም ግማሹ በእንግሊዝኛ ስለተነገረ አይረዱትም። ከዚያ ልጁ ኮሪደር ላይ ያገኛትን ነርስ ሁሉ ያስቆማል፦ «ውጤት መጣ? መድኃኒቱ ከውጭ ነው የሚገዛው?» መርፌ የምትሰጠው አታውቅም፣ ድርሻዋ አይደለማ። አሥረኛው ጠያቂ ላይ ድምፅዋ ከፍ ይላል፤ ቅሬታው «አመናጨቀችኝ» ተብሎ ይጻፋል። ይህችን ነርስ ሁለት ቀን ትሕትና ብታሠለጥኗት ሰኞ የምትመለሰው እዚያው ኮሪደር ላይ ነው።

መለወጥ ያለበት የሥራ ድልድሉ ነው። ሥራን ማከፋፈል ትታችሁ ሕመምተኛን አከፋፍሉ፦ ለአንዷ 8 አልጋ፣ ከመድኃኒት እስከ ቁስል ኃላፊነቱ የእሷ። ስሟ ራስጌው ላይ ይጻፍ። ራውንድ እንዳለቀ ወደየአልጋው ተመልሳ ሦስት ነገር ትናገር፦ ዛሬ ምን እንደተወሰነ፣ ምን እየተጠበቀ እንደሆነ፣ እሷ መቼ እንደምትመለስ። ለአንድ ሰው 2 ደቂቃ፣ ለስምንቱ 16 ደቂቃ ነው። ሕመምተኛው ከፈቀደ አስታማሚውም አብሮ ይስማ። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ግን ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ቤት ሲገቡ ይህን መድኃኒት እንዴት እንደሚወስዱ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ተብለው ሲያስረዱ ያልገባው ነገር ወዲያው ይታያል።

የት እንደሚበላሽም ይታወቃል። አልጋ በቁጥር ብቻ ሲከፈል ኦክስጅን ላይ ያሉት ሁሉ አንዷ ላይ ይወድቃሉ፣ ስለዚህ ክብደታቸው ታይቶ ይደልደል። የመድኃኒት ቁም ሳጥን ቁልፍ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ከሆነ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ምሳ ስትወጣ ማን እንደሚተካት ጠዋት ካልተነገረ 8ቱም ባለቤት ያጣሉ። ስለዚህ በአንድ ክፍል፣ በቀን ሽፍት ብቻ፣ ለአንድ ሳምንት ሞክሩትና የተሰናከለውን አስተካክላችሁ አስፉት። ሆስፒታሉን ሙሉ በአንድ ቀን ልለውጥ ያለ ሜትረን (የነርሶች ኃላፊ) በወሩ ወደነበረበት ይመለሳል።

«ርክክብ የነርሶች ጉዳይ ነው፣ ሕመምተኛውን አይመለከትም።»

ሽፍት ሲቀየር በነርሶች ክፍል ተቀምጦ ከመዝገብ የሚነበብ ርክክብ ያለቀ ግሉኮስ አያሳይም። ወጪዋ (ተራዋን የጨረሰችው) ነርስና ገቢዋ (የምትተካት) አልጋው ዘንድ ይቁሙ። ሕመምተኛውን በስሙ ጠርተው ገቢዋን ያስተዋውቁ፤ የካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የገባው ቀጭን ቱቦ) ቦታ አብጦ እንደሆነ፣ ድሪፑ ስንት እንደቀረው፣ ሽንቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ያልተሰጠ መድኃኒት ካለ አብረው ይዩ፤ መጨረሻ ላይ «የረሳነው አለ?» ብለው ይጠይቁት። ኤች አይ ቪ፣ የአእምሮ ሕመም፣ እርግዝና የመሰሉ ጉዳዮች 8 ሰው በተኛበት ክፍል አይነሱም፤ ከበር ውጭ ይነገራሉ። ይህን መለየት የተዘነጋበት ክፍል አልጋ ዳር ርክክብን ባይጀምር ይሻላል።

«ጠየቅናቸው፣ ረክተዋል።»

ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው፣ መውጫ ወረቀቱን በእጁ ይዞ፣ «አገልግሎቱ እንዴት ነበር?» ሲል የመንዝም የመርሐቤቴም ሰው መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ነው። ምርቃቱን እንደ መረጃ ቆጥሮ ሪፖርት ማድረግ ራስን ማታለል ነው። ስለ እርካታ መጠየቁን ተዉትና ስለሆነው ነገር ጠይቁ፦ «ዛሬ ጠዋት የተሰጠዎት ኪኒን ለምን እንደሆነ የነገረዎት አለ?» «ሌሊት ሕመም ሲነሳብዎ ማንን ጠሩ?» ጠያቂው ከሌላ ክፍል ይምጣ፣ ጋዋኑንም ያውልቅ። በቀን 5 ሰው በቂ ነው፤ ከአምስቱ ስንቱ ለመጀመሪያው ጥያቄ «አዎ» እንዳሉ በየቀኑ በአንድ ነጥብ ግድግዳ ላይ ይሰፈር። ቢያንስ 10 ነጥብ ሲሞላ መካከለኛው ቁጥር (ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው) ላይ መስመር ይሰመር፤ ከዚያ ወዲህ 6 ተከታታይ ነጥቦች ከመስመሩ በላይ ከዋሉ ለውጥ አለ ማለት ይቻላል። ትናንት 2፣ ዛሬ 4 መሆኑ ምንም አያሳይም። በሁለት ነጥብ የሚያጨበጭብ አመራር ግን ሞልቷል።

«ጠበል የሚሄድ ሰው መድኃኒት መጣሉ አይቀርም።»

የሚጥለውም አለ፣ ይዞ የሚሄደውም አለ። የሚቆጣ ነርስ ያጋጠመው ግን ጻድቃኔ ማርያም እንደሚሄድ ሳይናገር ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት «ጠበል ያስባሉ? ለስንት ቀን?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የዚያን ያህል ቀን መድኃኒት ይያዝ፣ የሚውጥበት ሰዓት ከጠበሉ ሰዓት ጋር ይታረቅ። ጾምም እንዲሁ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው «ጠዋት ከምግብ በኋላ» ብሎ መጻፍ ባዶ ሆድ ላይ ይዋጥ ማለት ነው። ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስተካክሉ፣ የንስሐ አባቱንም እንዲያማክር ንገሩት።

«አማርኛ ይገባዋል፣ ልጁ ያስተረጉማል።» በሸዋ ሮቢትና በአታዬ በኩል ኦሮምኛ ተናጋሪ ብዙ ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ የእናቱን የማሕፀን ሕመም ማስተርጎም የለበትም። ኦሮምኛ የሚችሉ ሠራተኞች ዝርዝር በየሽፍቱ ይለጠፍ።

«ሌሊት ሥራ የለም።» ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ሁለተኛ ብርድ ልብስ የሚጠየቀው ሌሊት ነው። የ10 ሰዓት ልኬትና የ11 ሰዓት መርፌ በአንድ ጊዜ ሊሠሩ የሚችሉ ከሆነ ሕመምተኛውን ሁለቴ አትቀስቅሱት።

«ሰው ሲሟላልን እንጀምራለን።» 8 አልጋ የደረሳት ነርስ ስለ 8 ሰው ብቻ ትጠየቃለች፤ ስለ 24ቱም የምትጠየቀው በአሁኑ አሠራር ነው።

«አንዴ ከተጀመረ ይቀጥላል።» ነርሶች ከክፍል ክፍል ይዘዋወራሉ፤ ጀማሪዋ ስትሄድ አሠራሩም አብሯት ይሄዳል። ድልድሉና የርክክቡ ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ተጽፎ አዲስ የሚመጣው ነርስ በመጀመሪያው ቀን ይቀበለው፤ ክፍል ኃላፊዋም በሳምንት አንድ ርክክብ ቆማ ትይ።