ለተማሪ ማኅበር የሚከፈል ገንዘብ በድምፅ ሲወሰን፦ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አሠራር

ልጁን አሜሪካ ኮሌጅ ያስገባ ወላጅ ሒሳቡን ሲከፍት ከትምህርቱ ዋጋ ሥር ሌላ መስመር ያገኛል። «የተማሪ ክፍያ» ይላል። ብዙዎቻችን ከፍለን እናልፋለን። ግን ያ መስመር ታሪክ አለው። ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት የተንከራተተ ታሪክ።

ገንዘቡ በአብዛኛው ለክሊኒክ፣ ለጂም፣ ለተማሪዎች መዝናኛ ሕንፃ ይውላል። አነስ ያለው ክፍል ለተማሪ ማኅበራት ይሰጣል። ለክርክር ክለብ፣ ለካምፓስ ጋዜጣ፣ ለሃይማኖትና ለፖለቲካ ቡድኖች፣ ለሐበሻ ተማሪዎች ማኅበርም ጭምር። ክፍያው ይጨመር ወይስ አይጨመር፣ ሲልም ለአንድ ማኅበር ይሰጥ ወይስ ይቅር የሚለውን በብዙ ካምፓስ ተማሪዎቹ ራሳቸው በሪፈረንደም ይወስናሉ።

አሠራሩ እንደየካምፓሱ ቢለያይም መሠረቱ ተቀራራቢ ነው። ሐሳቡ ከተማሪዎች ካውንስል ይነሳል፣ ወይም ፊርማ ተሰብስቦ ይቀርባል። ስንት ዶላር፣ ለማን፣ እስከ መቼ የሚለው በጥያቄው ላይ ተጽፎ ይታያል። ድምፁ በኢንተርኔት ለጥቂት ቀናት ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ከካውንስል ምርጫው ጋር አንድ ላይ። ተማሪው «እሺ» ቢልም ነገሩ አላለቀም። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ወይም ቦርድ ካላጸደቀው ሒሳቡ ላይ አይወጣም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ደግሞ አንድ የምወደው ደንብ አላቸው፦ በሪፈረንደም ከሚጨመር ክፍያ ቢያንስ 25 በመቶው አቅም ላነሳቸው ተማሪዎች ድጋፍ ተመልሶ ይመደባል።

ስንት ሰው ድምፅ ከሰጠ ነው ውጤቱ የሚጸናው? ከካሊፎርኒያ ካምፓሶች አንዱ በሆነው በበርክሌይ ከተማሪው ቢያንስ 20 በመቶ መሳተፍ አለበት። እስቲ እናስላው። ከመቶ ተማሪ 20ው ድምፅ ሰጥቶ 11ዱ «አዎ» ካሉ መቶውም ይከፍላሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሚገቡት፣ ድምፅ ሲሰጥ ገና ሃይስኩል የነበሩት ልጆችም ይከፍላሉ። በእድር እንየው። እድርም መዋጮ የሚጨምረው ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ተከራክሮ ነው፤ ግን ያልተስማማው ሰው ቅር ብሎት ሊወጣ ይችላል። ተማሪው ይህንን መስመር አልከፍልም ብሎ መመዝገብ አይችልም። ክርክሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ግዴታ ነው።

ትልቁ ክስ የተነሳው ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ካምፓስ ነው። በ1995–96 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የትምህርት ዘመን ክፍያው በዓመት 331.50 ዶላር ነበር። ከዚህ 20 በመቶ ገደማው ለማኅበራት የሚደለደል ነው። ያኔ የተመዘገቡት ማኅበራት 623 ነበሩ። አብዛኞቹ ገንዘብ ሲፈልጉ ለተማሪዎች ካውንስል አመልክተው ነው የሚያገኙት። አንድ ሌላ መንገድም ነበረ፣ እሱም ሪፈረንደም ነው። በዚያ ዓመት ለሸማቾችና ለአካባቢ ጥበቃ የሚሟገት አንድ ቡድን በሪፈረንደም ብቻ 45,000 ዶላር አግኝቷል። በ1996 ሳውዝዎርዝ የተባለ የሕግ ተማሪና ጓደኞቹ «የማናምንበትን ፖለቲካ በገንዘባችን አትደግፉብን» ብለው ከሰሱ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2000 ፈረደ፤ ዘጠኙም ዳኞች በውጤቱ ተስማሙ። ዩኒቨርሲቲ ክፍያውን በግዴታ መሰብሰብ ይችላል፤ ግን ሲያከፋፍል የማኅበሩን አመለካከት እያየ ማዳላት አይችልም። ለእኔ የውሳኔው ልብ ያለው ቀጥሎ ስለ ሪፈረንደም በተነገረው ላይ ነው። ዳኛ ኬኔዲ የጻፉት ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ የጥቂቶች አመለካከት ከብዙኃኑ እኩል መከበር አለበት፤ የብዙኃኑ ድምፅ የገለልተኝነትን ቦታ ከወሰደ ጥበቃው ይፈርሳል። ይህን ክፍል በደንብ እንዲታይ ወደ ታች ፍርድ ቤት መለሱት።

ከዚያ በፊት በ1995 ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ጉዳይ ነበር። የተማሪዎች ክርስቲያናዊ መጽሔት ማሳተሚያ 5,862 ዶላር ተከለከለ። ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ለመጽሔቱ ፈረደ። በ2007 ደግሞ በኒውዮርክ፣ ኦልባኒ ባለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ላይ ሌላ ውሳኔ መጣ። እዚያ ሪፈረንደሙ «ምክር ብቻ ነው» ይባል ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አልተቀበለውም፤ ምክርም ቢሆን ለማኅበር የሚሰጠውን ገንዘብ መጠን ለመወሰን ከዋለ ማዳላት ነው አለ።

እነዚህ ውሳኔዎች የሚይዙት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ነው። የግል ዩኒቨርሲቲ በራሱ ደንብ ይሄዳል።

ይህ ለእኛ ልጆች ምን ያህል እንደሚጠቅም አስቡት። 40,000 ተማሪ ባለበት ካምፓስ ሠላሳ አርባ ሆነው ተሰባስበው እንቁጣጣሽን ማክበር ይፈልጋሉ። አዳራሽ መከራየት አለ፣ እንጀራና ወጥ ማዘዝ አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ። ጉዳዩ በሪፈረንደም ቢቀርብ ማን ያውቃቸውና «አዎ» ይላል? በማመልከቻ ከሆነ ግን በጀታቸውን ጽፈው፣ ደረሰኝ አያይዘው፣ ከትልቁ ክለብ እኩል መስፈርት ይታያሉ። ስለዚህ ሪፈረንደም «ሁላችን ስንት እንክፈል?» ለሚለው ጥያቄ ይሁን፤ «ለማን ይሰጥ?» ለሚለው ግን አይመጥንም ባይ ነኝ።

ካናዳም የራሷን አይታለች። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት በ2019 ተማሪዎች አስፈላጊ አይደሉም ከተባሉ ክፍያዎች እንዲወጡ ፈቀደ። ከእነዚህ ክፍያዎች ብዙዎቹን ያጸደቋቸው ተማሪዎቹ ራሳቸው በሪፈረንደም ነበር። የካምፓስ ጋዜጦች ገቢያቸው ተናጋ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ፍርድ ቤት መመሪያውን ሻረው፣ መንግሥት ይግባኝ ብሎም በ2021 ተረታ።

ኮሌጅ የገባ ልጅ ካላችሁ ከካውንስል ምርጫው በፊት የሪፈረንደሙን ጥያቄ አብራችሁ አንብቡት። ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ክፍያው የሚያበቃበት ዓመት ተጽፎ እንደሆነ እዩ፤ ካልተጻፈ ከመጽደቁ በፊት ካውንስሉን መጠየቅ የልጁ መብት ነው።