ኤችፒሲ ክላስተር ምንድን ነው? መሥሪያ ቤትስ ምን ያተርፍበታል?

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ የሁላችንም መፍትሔ አንድ ነው። ራም ይጨመርበት፤ ካልሆነ አዲስ ይገዛ። ለደብዳቤና ለኤክሴል ይህ በቂ ነው። ሥራው እጅግ በጣም ብዙ ስሌት የሚጠይቅ ሲሆን ግን ገበያ ላይ ያለው ምርጥ ማሽንም ብቻውን ወራት ሊፈጅበት ይችላል። ያኔ ብዙ ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ አስተሳስሮ ሥራውን ማከፋፈል ይመጣል። ሃይ ፐርፎርማንስ ኮምፒውቲንግ ክላስተር፣ ባጭሩ ኤችፒሲ ክላስተር የሚባለው ይኸው ነው።

በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ኮምፒውተር ኖድ ይባላል። ተጠቃሚው በሎግኢን ኖድ ገብቶ ሥራውን ይልካል። ስሌቱን የሚሠሩት ከኋላ ያሉት ኖዶች ናቸው። (ሎግኢን ኖዱ ላይ ከባድ ፕሮግራም አስነስቶ ሌላውን ሁሉ የሚያቆም አዲስ ተጠቃሚ የትም አይጠፋም።) ሁሉም ኖዶች የሚያነቡት የጋራ ስቶሬጅ አለ። ማን፣ መቼ፣ የትኛው ኖድ ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው ስለርም (Slurm) የተባለውን የመሰለ ወረፋ አስያዥ ሶፍትዌር ነው።

እዚህ ለመድረስ የግድ በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ማሽን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር 486 ፕሮሰሰር ያላቸውን 16 ተራ ኮምፒውተሮች በተራ ኢተርኔት (በየቢሮው ባለው የኬብል ኔትወርክ) አገናኝተው ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫኑባቸው። ስሙን ቤዎልፍ አሉት። ቶፕ 500 በሚባለው የዓለም ፈጣን ማሽኖች ዝርዝር ላይ ያሉት ሁሉ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በሊኑክስ ነው የሚሠሩት። በኅዳር 2024 ዝርዝሩን የመራው የአሜሪካው ኤል ካፒታንም ብዙ ሺህ ኖዶች የተያያዙበት ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሚመጣው ጥያቄ፦ ሥራው ይከፋፈላል ወይ?

እኛ ጅማዎች ይህን ከቡና እናውቀዋለን። እሸቱ ሲቀላ 5 ሰው ከሚለቅመው ይልቅ 50 ሰው ቢገባበት ማሳው ቶሎ ይነሳል። የተለቀመው አልጋ ላይ ተሰጥቶ የሚደርቅበት ጊዜ ግን በሰው ብዛት አያጥርም። የኮምፒውተር ሥራም ሁለቱም ዓይነት ክፍል አለው። ጂን አምዳል የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ይህን በ1967 አንስቶታል፤ ሕጉም በስሙ ይጠራል። አንድ ማሽን በ100 ሰዓት የሚጨርሰው ሥራ አለ እንበል። 95ቱ ሰዓት ይከፋፈላል፣ 5ቱ አይከፋፈልም። 19 ኖድ ብንመድብ በ10 ሰዓት ያልቃል። 95 ኖድ ብንመድብ 6 ሰዓት ይሆናል። 950 ኖድ ብንሰጠው እንኳ ከ5 ሰዓት በታች አይወርድም። ከ19 በኋላ የተጨመሩት ኖዶች በሙሉ የቀነሱት ከ5 ሰዓት ያነሰ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ይህን ሳያሰላ ነው ጨረታ የሚያወጣው።

በሌላ በኩል ሙሉ በሙሉ የሚከፋፈል ሥራም ሞልቷል። የአረቢካ ቡና ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃው፣ 1.2 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። ስህተቱ እንዲጠራ ደግሞ የአንዱ ዛፍ ጂኖም 30 ጊዜ ያህል ተደጋግሞ ይነበባል። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ዋና ሥራው ቡና ነው። በ1971 አገራችን ውስጥ የታየውን የቡና ፍሬ በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መምረጥም የዚህ ታሪክ አካል ነው። አንድ ተመራማሪ የ100 ዛፎችን ጂኖም ማወዳደር ፈለገ እንበል። የአንዱ ትንተና 10 ሰዓት ቢወስድ፣ በአንድ ማሽን ጠቅላላው 1,000 ሰዓት ነው፤ 41 ቀን ከምናምን። 20 ኖድ ቢያገኝ ከ2 ቀን ትንሽ ያልፋል።

ልዩነቱን በቀን ብቻ አትቁጠሩት። 41 ቀን የሚጠብቅ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞክረው። መለኪያው ተሳስቶ ቢገኝ ሌላ 41 ቀን ስለሚያስፈራው ባለው ውጤት ይጽፋል። በ2 ቀን የሚያገኝ ሰው ግን አስተካክሎ ይደግማል። ለእኔ ድርጅት ከክላስተር የሚያገኘው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ሠራተኛው ቀድሞ የማይደፍረውን ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራል።

የአየር ትንበያ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሞዴሉ መሬቱን በየ10 ኪሎ ሜትሩ ሸንሽኖ ያሰላል እንበል። በእኛ አካባቢ ይህ ሻካራ ነው፤ ከከተማችን ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወረድ ከፍታውም ሙቀቱም ይለወጣል። ሽንሽኑን ወደ 5 ኪሎ ሜትር ብናጠበው ነጥቦቹ 4 እጥፍ ይሆናሉ። የጊዜው እርምጃም በግማሽ ማጠር ስላለበት ስሌቱ 8 እጥፍ ያድጋል። የነገ ትንበያ ከነገ ወዲያ ቢደርስ ደግሞ ታሪክ ነው እንጂ ትንበያ አይደለም። እዚህ ላይ ኖዶቹ እንደ ቡናው ጂኖም እየብቻቸው አይሠሩም። እያንዳንዱ ኖድ የጎረቤቱን ነፋስና እርጥበት ሁልጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ ኔትወርኩ ካልፈጠነ ፕሮሰሰሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ኢንፊኒባንድ የሚባለው ውድ ኔትወርክ የሚገዛው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። ለጂኖም ትንተናው ብቻ ከሆነ ደህና ኢተርኔትና ፈጣን ስቶሬጅ ይበቃል። ይህን ሳይለዩ መግዛት ብር መበተን ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ትርፍ ከፍጥነት ጋር ብዙም አይገናኝም። በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው ነገር ነው። አንዱ ክፍል በፕሮጀክት ገንዘብ ጠንካራ ሰርቨር ይገዛል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማሽኑ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ያለው ሰውዬ ደግሞ ፊልድ ወጥቷል። ጎረቤት ክፍል ያሉት በላፕቶፕ ይሰቃያሉ። በአንድ ክላስተር ቢሰባሰብ የግብርናው ተመራማሪ ኖዱን ሳይነካ በሚያድርበት ሌሊት የሕክምናው ወይም የሲቪል ምህንድስናው ሥራ ይሮጥበታል። ስለርም ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ ይመዘግባል። ብዙ የበላውን ወደ ኋላ፣ ያልበላውን ወደ ፊት ማድረግም ይችላል። እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርናውም፣ ሕክምናውም፣ ቴክኖሎጂውም በአንድ ጥላ ሥር ላለ ተቋም የሚመቸው ይህ ነው።

የማይጠቅመው ለማን ነው? ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር ቀርፋፋ ስለሆነበት ብቻ ክላስተር የሚመኝ ድርጅት ምንም አያገኝም። ፕሮግራሙ ለመከፋፈል ካልተጻፈ 20 ኖድ ቢደረደርለትም የሚጠቀመው በአንዱ ነው። ባንክም ቢሆን የዕለት ገንዘብ ማስገባትና ማውጣት የዚህ ማሽን ሥራ አይደለም፤ የብድር ስጋትን በብዙ ሺህ ሁኔታ ሞክሮ ማስላት ግን ነው።

ወጪው ማሽኑ ሲገዛ አያበቃም። መብራት አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ሊኑክስ በደንብ የሚያውቅ ቋሚ ሰው አለ። ሦስተኛውን የሚረሳ ድርጅት ብዙ ነው። የመብራቱን ስፋት ለመገመት፣ በ2022 የዓለም አንደኛ የነበረው ፍሮንቲየር ከ20 ሜጋ ዋት በላይ ይበላል። ጎረቤታችን ግልገል ግቤ አንድ የተተከለለት አቅም 184 ሜጋ ዋት ነው። ከዚህ ላይ ከአሥር አንድ እጁን አንድ ማሽን ይወስድ ነበር ማለት ነው። ለአንድ ተቋም የሚሆን ክላስተር እርግጥ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም እኩል ነው። ዩፒኤስና ጄኔሬተር ያስፈልጋሉ። ከእነሱ በላይ የሚያድነው ፕሮግራሙ በየተወሰነ ሰዓት የደረሰበትን ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው። በአራተኛው ቀን መብራት ቢሄድ ሥራው ካስቀመጠበት ይቀጥላል እንጂ ከዜሮ አይነሳም።

ታዲያ ለምን ከክላውድ፣ ማለትም ኮምፒውተራቸውን በኢንተርኔት ከሚያከራዩ ድርጅቶች፣ አንከራይም? ይቻላል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ከባድ ሥራ ላለው ሰው ተመራጩም እሱ ነው። ክላውዱ የውጭ ድርጅት ከሆነ ግን የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን አትርሱ። ዳታውም መጓዝ አለበት። 1 ቴራባይት በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ያለ መቆራረጥ ቢላክ ከ9 ቀን በላይ ይወስዳል። የጂኖም ዳታ ደግሞ በቴራባይት ሲቆጠር ማየት የተለመደ ነው።

ለጀማሪ ድርጅት የምመክረው በትንሹ መጀመርን ነው። ከላብራቶሪ የወጡ አራት አምስት ኮምፒውተሮች፣ እነሱን የሚያገናኝ አንድ የኔትወርክ ስዊች፣ ነጻ የሆኑት ሊኑክስና ስለርም። ፍጥነቱ አያስደንቅም፤ አዲስ ዴስክቶፕ ሊበልጠው ይችላል። ነገር ግን ሠራተኛው ወረፋ መያዝንና ሥራ መከፋፈልን ይለምድበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ የስለርምን መዝገብ ከፍቶ ማየት ነው። ወረፋው ሁልጊዜ ረጅም ከሆነ የግዢው ጥያቄ በማስረጃ ይቀርባል። ባዶ ከሆነ ደግሞ ጨረታው ይቆይ።