ሥርየተ ኃጢአት ምንድን ነው?

ከባሕር ዳር በጀልባ ጣና ቂርቆስ የደረሰ ሰው መነኮሳቱ ከሚያሳዩት ነገር አንዱ፣ አናታቸው ጎድጎድ ተደርጎ የተፈለፈለ የቆሙ ድንጋዮች ናቸው። በገዳሙ ትውፊት ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት እዚህች ደሴት ላይ ነበረች፤ ድንጋዮቹም መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባቸው እንደነበር ይነገራል። ሥርየትን፣ ማለትም የኃጢአትን ይቅርታ፣ ለማስረዳት ከእነዚህ ድንጋዮች መነሣት ይሻለኛል፤ ነገሩ የሚጀምረው ከደም ነውና።

በኦሪት ሥርዓት የበደለ ሰው ነውር የሌለበት እንስሳ ያመጣል፤ እጁን በእንስሳው ራስ ላይ ይጭናል፤ እንስሳውም በእሱ ፈንታ ይታረዳል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ፣ በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን፣ ሊቀ ካህናቱ ደም ይዞ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባና ለሕዝቡ ሁሉ ያስተሰርያል። በዓመቱ ያው ይደገማል። የዕብራውያን መልእክት የሚጠይቀው ስለዚሁ መደጋገም ነው፦ የበሬና የፍየል ደም ኃጢአትን በእርግጥ የሚያስወግድ ቢሆን ኖሮ ለምን በየዓመቱ ይቀርብ ነበር? ክርስቶስ ግን ራሱን አንድ ጊዜ አቀረበ፤ ሊቀ ካህናቱም መሥዋዕቱም እሱው ሆነ። ቤዛችን የምንለው ለዚህ ነው። እኛ ከፍለን የማንጨርሰው ዕዳ በደሙ ተከፈለ።

የተከፈለው ዋጋ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው በጥምቀት ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ይህ ጥምቀት አይደገምም፤ በጸሎተ ሃይማኖትም ኃጢአትን ለማስተሥረይ በአንዲት ጥምቀት እናምናለን እንላለን። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ጥር 11 ቀን በባሕር ዳር ካህናቱ ጸበሉን ሲረጩ ምእመኑ እየተጋፋ ፊቱን ይሰጣል፤ ላልመጣ በሽተኛ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚቀዳም አለ። ደስታው ልዩ ነው፣ በረከቱንም አምናለሁ። ሆኖም ርጭቱ የጌታ ጥምቀት መታሰቢያ ነው እንጂ ዳግመኛ ጥምቀት አይደለም። የዓመቱን ኃጢአት በዚያች ጠብታ አራግፌ ተመለስኩ የሚል ሰው ቤተ ክርስቲያን ያላስተማረችውን ይዟል።

ከጥምቀት በኋላ ለተሠራ ኃጢአት መንገዱ ንስሐ ነው። ሰውየው ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ያደረገውን በአንደበቱ ይናዘዛል። አባም ቀኖና ይሰጡታል፤ ስግደት፣ ጾም፣ ምጽዋት ወይም ዳዊት መድገም ሊሆን ይችላል። ሲፈጽም ከኃጢአቱ ይፈቱታል፤ ከዚያ ሥጋ ወደሙን ይቀበላል። ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ኑዛዜው በቀጥታ ለእግዚአብሔር ነው ብለው ያስተምራሉ፤ የሚያነጻው የክርስቶስ ደም መሆኑን ግን ሁሉም ያምናል።

ቀኖናን እንደ ክፍያ የሚቆጥሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ስግደቱን ቆጥረው ሲጨርሱ ከእግዚአብሔር ጋር ሒሳብ የዘጉ ይመስላቸዋል። ዋጋውማ በመስቀል ላይ ተከፍሏል! ቀኖና ለቁስሉ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ ለዚህም ነው ለስስታሙ ምጽዋት፣ ለሆዳሙ ጾም የሚታዘዘው።

የተበደለ ሰው ካለ ግን ስግደት ብቻውን አይበቃም። ቀራጩ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል፣ ቀምቼ ከሆነ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። የጎረቤቱን ድንበር የገፋ ገበሬ ሊናዘዝ ሲመጣ ልባም ንስሐ አባት መጀመሪያ ድንበሩን መልስ ይሉታል። የተጣላም ከሆነ ሽማግሌ ልኮ ይታረቃል። ኦሪት ዘኍልቍም በዳዩ የወሰደውን አምስተኛ እጅ ጨምሮ ይመልስ ይላል፤ ባለመብቱ ሞቶ ከሆነ ለቅርብ ዘመዱ ይሰጣል።